አውሬው ለንጉሡ ይታዘዛል ወይ

ሚኒባሱ ከነገሌ መናኸሪያ ወጥቶ የወደራን መንገድ እንደያዘ ዓብዱሰላም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሚስቱ በድሪያ ጋ ደወለ። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ማር ሊገዛ እንደሚሄድ ነግሯት ነበር። አሁን ደግሞ ባለማሩ የድሮ ወዳጁ መሆኑን፣ ማሩም ከጫካ የመጣ ንጹሕ ማር መሆኑን፣ ከመሸበትም እዚያው ሊያድር እንደሚችል ጨመረላት። ባለማር የሚባል ሰው ግን አልነበረም። ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ። በድሪያ እውነቱን ብትሰማ አትቆጣም፤ እንዲያውም እስካሁን ምን ስትጠብቅ ነበር ብላ እሷው ገፍታ ትሰደው ነበር።

እውነቱ የድሮ የሥራ ባልንጀራው ጣዲቻ ሊሞት መሆኑ ነው።

ከሁለት ቀን በፊት የጣዲቻ ልጅ ጃለኔ ደውላለት ነበር። ጃለኔ ወደራ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የአባቷ ጉበት ክፉኛ መጎዳቱን፣ ሐዋሳ ድረስ ወስዳው ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ሆኖ ቢያርፍ ይሻላል እንዳሏት፣ እህል ከቀመሰ ሳምንት እንደሆነው በተረጋጋ ድምፅ ነገረችው። ከዚያ ትንሽ አመነታች።

«ጋሽ ዓብዱ፣ አባባ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል። ራሱ እንዳለው ልንገርዎት። ንጉሡ አውሬውን ማዘዝ ይችላል ወይ ብለሽ ጠይቂው ነው የሚለው። ሦስት ቀን ሙሉ እሱኑ ይደጋግማል። እኔ በሽታው የሚያስቀባዥረው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ዓብዱ ያውቀዋል አለኝ።»



«አውቀዋለሁ» አላት። «በስልክ አይሆንም። ራሴ መጥቼ እመልስለታለሁ።»

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ጣዲቻና ዓብዱሰላም ነገሌ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ቤት ቪዲዮ ያሳዩ ነበር። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያጓራ ጄኔሬተርና ከሳንቃ የተመቱ አሥራ አራት አግዳሚ ወንበሮች ነበሯቸው። ፊልሞቹ ሁሉ የውጭ ናቸው፤ ተመልካቹ ቋንቋውን አይሰማም። እነሱም አይሰሙትም። ሆኖም ሁለቱ ማይክሮፎን ይዘው ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ይቀመጡና ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እያደረጉ ይተርኩ ነበር። ያልገባቸውን ከራሳቸው ይሞሉታል። ጣዲቻ ቁጥብ ነው፤ ዓይኑ ያየውን ብቻ ይናገራል። ዓብዱሰላም ግን አንድ ዘበኛ በር ሲከፍት ካየ የዘበኛውን የአባት ስም፣ የሚስቱን አመልና ከጌታው ጋር የተጣላበትን ምክንያት ሳይቀር ይጨምርበታል። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚመጣው ለእሱ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሦስት ካሴት የተከፈለ አንድ ፊልም መጣላቸው። ፊቱን በብረት የሸፈነ፣ ሰባት አገር ያቃጠለ ክፉ ንጉሥ አለበት። ከአንድ ተራራ ሥር ደግሞ ሰው ከመፈጠሩ በፊት ጀምሮ የተኛ፣ ዓይን የሌለው አውሬ አለ። ሁለተኛው ካሴት ሊያልቅ ሲል ንጉሡ ችቦ ይዞ ወደ ጉድጓዱ አፍ ይወርድና ወደ ታች ይጮሃል። በዓብዱሰላም አተራረክ «ተነሥ፣ ጌታህ እኔ ነኝ» ነው ያለው። ከጨለማው ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። ካሴቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ሦስተኛው ካሴት ነገሌ ሳይደርስ ቀረ።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። አውሬው ለንጉሡ ይታዘዛል፣ አይታዘዝም እየተባለ በየሻይ ቤቱ ክርክር ሆነ። ከአሬሮ ከብት ሊሸጡ የመጡ፣ ፊልሙን በወሬ ብቻ የሰሙ ሰዎች ሳይቀሩ ወገን ለዩ። ዓብዱሰላም ይታዘዛል ባይ ነበር። ሰባት አገር ያንበረከከ ሰው አንድ አውሬ ሊያቅተው አይችልም ይላል። የጣዲቻ ምክንያት አጭር ነበር። አውሬው ንጉሥ የሚባል ነገር ከመኖሩ በፊት የነበረ ስለሆነ ትእዛዝ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ክፋታቸው ቢመሳሰልም አይተዋወቁም።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቴሌቪዥኑን ጨርቅ አልብሰው ሦስተኛውን ክፍል በአፋቸው ብቻ ተረኩት። የጣዲቻ ባጭሩ ነበር ያለቀው። አውሬው ወጣ፣ ንጉሡን በላ፣ ቀጥሎ የንጉሡን ጠላቶች በላ፣ ሌላ የሚበላ ሲያጣ ተመልሶ ተኛ። ሰው ቅር አለው። የዓብዱሰላም ግን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ንጉሡ በአውሬው ጀርባ ላይ ተቀምጦ ተራራውን ሰንጥቆ ሲወጣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ፊት ወንበር ላይ ቆሞ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው የጣዲቻ ልጅ ጃዋር ነበር፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጣዲቻ የገዛ ልጄ ከዳኝ እያለ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ጃዋር ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሻኪሶ ሄጄ ወርቅ ልቆፍር አለ። ቪዲዮ ቤቱ ያኔ ኳስ ማሳያ ሆኖ ነበር። ጣዲቻ ሐሳቡን አልወደደውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አባትና ልጅ ቁርስ ላይም እራት ላይም ሲጨቃጨቁ ከረሙ። በመጨረሻ ዓብዱሰላም ሁለቱን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ለብቻቸው አስቀምጦ መሐል ገባ። ጃዋር ሊገባበት ያሰበውን ጉድጓድ ባለቤት አውቀዋለሁ አለ። ሰውዬው ኃይለኛ መሆኑን፣ ሠራተኛ ያስጨንቃል መባሉን አልካደም። «እኔን ግን ይሰማኛል» አለ። ልጁን ክፉ ቦታ እንዳያስገባው አንድ ቃል እልክበታለሁ፣ ቃሌን አይጥስም ብሎ ደረቱን መታ።

ሰውዬውን ያገኘው አንድ ቀን ብቻ ነበር። የሳተላይት ዲሽ ሊገዛ ነገሌ መጥቶ ሻይ አብረው ጠጥተዋል። ስሙን እንኳ በቅጡ አልያዘውም።

ጃዋር በታኅሣሥ ሄደ። በሚያዝያ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። ከጉድጓዱ የተረፈ አንድ ቆፋሪ በኋላ እንደተናገረው፣ የቆዩት ሠራተኞች ግድግዳው ውሃ ጠጥቷልና ሁለት ቀን እንጠብቅ ብለው ነበር። ባለቤቱ ጫፉ ላይ ቆሞ ይህ አፈር እኔን ያውቀኛል፣ ያለ ፈቃዴ አይናድም አላቸው። ሌሎቹ ሲያመነቱ ጃዋር ቀድሞ ወረደ። ሰውዬው የአጎቴ ወዳጅ ነው፣ አይጎዳንም ብሏቸው ነበር አለ ቆፋሪው፤ አጎቴ የሚለው ዓብዱሰላምን ነበር። አስከሬኑ የወጣው በሁለተኛው ቀን ነው።

ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ጣዲቻን እንዴት አድርገህ ለቀቅኸው ብለው ጠየቁት። ጣዲቻ መሬት መሬቱን እያየ «እምቢ ብሎኝ ሄደ» አለ። ሚስቱ አሸቱ ከሴቶቹ ወገን ቀና ብላ አየችው። እሱ ደግሞ ቀና ብሎ ዓብዱሰላምን አየው። ዓብዱሰላም ነገሩ እንደዚያ እንዳልነበረ ያውቃል። አንገቱን ደፋ። በዚያች ቅጽበት የተሰማው እፎይታ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያሳፈረው በኋላ እሱ ነው። ጣዲቻ በዓመቱ ቤቱን ሸጦ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ወደራ ገባ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም፤ አሥር ዓመት ሆነው።

ጃለኔ መኪናው የሚቆምበት ድረስ መጥታ ተቀበለችው። ሲያያት አሸቱን ያየ መሰለው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ ነበር የሚያውቃት።

«አካም ጋሽ ዓብዱ፣ ናጋ?» አለች እጁን በሁለት እጇ ይዛ።

ናጋ ነው፣ ደህና ነኝ አላት። ከፊት ከፊቱ እየሄደች ወደ ቤት ወሰደችው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ከፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ የአሸቱ ፎቶና ጃለኔ የተመረቀችበት ፎቶ ተሰቅለዋል። ዓይኑ ሌላ ሲፈልግ ጃለኔ አየችው።

«የጃዋርን ነው የሚፈልጉት? እኔ ነኝ ያወረድኩት» አለችው። «እናቴ እሱ ከሞተ በኋላ የኖረችው አራት ዓመት ነው። አራቱንም ዓመት ፎቶው ፊት እየቆመች ምነው አባትህን በሰማህ ስትለው ነበር። እሷ ስትሞት ፎቶውን ማየት አልቻልኩም።»

ዓብዱሰላም ዓይኑን ከግድግዳው አላነሣም። እሷ ይህን እንደ ወቀሳ ወስዳው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጨካኝ ሆኜ አይደለም። ተማሪዎቼ ወላጆቻቸውን አንሰማም ሲሉ የእሱን ታሪክ ነው የምነግራቸው። አባቱን እምቢ ብሎ ሄዶ አፈር ተጫነው እላቸዋለሁ። በዚህ እንኳ ይጥቀም ብዬ።»

ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችው።

ጣዲቻ በሁለት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሆዱ ተነፍቷል፤ እጆቹ ግን የሌላ ሰው እስኪመስሉ ከስተዋል። የዓይኑ ነጭ ወደ ቢጫ ተለውጧል። ዓብዱሰላምን ለረጅም ጊዜ አየው።

«አርጅተሃል» አለው።

«አንተስ?»

«እኔማ ጨርሻለሁ።»

ጃለኔ አባቷን ሁለት ማንኪያ ውሃ አጠጥታ፣ ከንፈሩን ጠርጋለት፣ ሾርባ ላሙቅ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ጣዲቻ የእግሯ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀ።

«መልሱን አመጣኸው?»

ዓብዱሰላም በርጩማውን ወደ አልጋው አስጠጋ። መንገድ ላይ ሲመጣ አዘጋጅቶት የነበረ ነገር ነበር። ሦስተኛውን ካሴት አንድ ሰው ከሞያሌ እንዳመጣለት፣ እንዳየውም ሊነግረው፣ ጥቂት ሊያስቀው አስቦ ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ ያንን የድሮውን ወፍራም ድምፁን ሊያወጣ ሲል ጣዲቻ እጁን ከአንሶላው ላይ ጥቂት አነሣ።

«ማይክሮፎን የለም፣ ሰውም የለም» አለው። «እኔና አንተ ነን። ያዝዘው ነበር ወይ?»

ከጓሮ የድስት ክዳን ድምፅ ተሰማ። 

«አያዝዘውም» አለ ዓብዱሰላም። ቀጥሎ የወጣው ድምፅ እሱ ራሱ የማያውቀው ቀጭን ድምፅ ነበር። «የጉድጓዱን ባለቤት አላውቀውም ነበር፣ ጣዲቻ። አንድ ቀን ነው ያየሁት። ሻይ ጠጣን፣ ሄደ። ይሰማኛል ያልኩህ ውሸት ነው። ቃል እልክበታለሁ ያልኩትንም አልላክሁም። የት ብዬ እልካለሁ? ስልኩ እንኳ አልነበረኝም።»

ጣዲቻ ዓይኑን ጨፈነ። ዓብዱሰላም እንዲሰድበው ጠበቀ፤ እንዲያውም ቢሰድበው ወደደ። ጣዲቻ ግን አልተቆጣም።

«ያኔም አውቄዋለሁ» አለ። «ስንት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ስትጨምር ሰምቻለሁ። ካየኸው የትኛው እንደሆነ፣ ከሆድህ የትኛው እንደሆነ ከድምፅህ እለያለሁ። ሌላው ሰው አይለይም፣ እኔ እለያለሁ። ይሰማኛል ስትል ከሆድህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ደክሞኝ ነበር። ጭቅጭቁ ሰልችቶኝ ነበር። ሲሄድ ቤቱ ጸጥ ይላል ብዬ አሰብኩ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንተ የማታውቀው አንድ ነገር አለ። የሄደ ዕለት ጠዋት፣ ሌላው ሳይነቃ፣ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ‹አባባ፣ አንተ ከልብህ ካልፈቀድክ እቀራለሁ› አለኝ። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ቀና ብዬም አላየሁት። ዓብዱ ካለ ሂድ አልኩት።»

ዓብዱሰላም እጁን ዘርግቶ የጣዲቻን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዘ። እግሩ አጥንት ብቻ ሆኖ ነበር።  ከዚያ ዓብዱሰላም ለቅሶው ላይ ለምን እምቢ ብሎኝ ሄደ እንዳለ ጠየቀው።

«አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። አሸቱ እያየችኝ ነበር። አንተን ለማዳን ብዬ እንዳይመስልህ፤ ራሴን ነው። አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ የምመልስበት መንገድ ጠፋኝ። አሸቱ ይህንኑ እንዳመነች ሞተች።» ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ። «ጃለኔ ፎቶውን ያወረደች ቀን ወንበር ላይ ቆማ ነበር። ወንበሩ እንዳይወላገድባት የያዝኩላት እኔ ነኝ።»

«ልንገራት?» አለ ዓብዱሰላም።

ጣዲቻ ወደ ግድግዳው ዞረ። አዎም አይሆንምም አላለም። ትከሻው ጥቂት ሲንቀጠቀጥ ታየ፤ ቆይቶ ጸጥ አለ። ዓብዱሰላም ደንግጦ ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ይሰማል፤ ተኝቷል።

ሾርባው ቀርቦ ጣዲቻ ስላልነቃ ቀዘቀዘ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ፣ ፊተኛው ክፍል ተቀምጠው ሳለ፣ ጃለኔ ወደ ነገሌ የሚመለሰው የመጨረሻው መኪና ሊሞላ እንደሆነ ነገረችው። ልሸኝዎት ብላ ነጠላዋን አነሣች። መምጣቱ አባቷን እንዳሳረፈው፣ በሳምንት ውስጥ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቶ እንደማያውቅ ነገረችው። ለእሱም እንዲህ ያለ ወዳጅ ስላለው ደስ እንዳላት ተናገረች። ዓብዱሰላም ይህን ሲሰማ ሊነሣ ከጀመረበት ወንበር ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

እሷን የማይጎዱ፣ እሱንም የማያዋርዱ ታሪኮች ባንድ ጊዜ መጡለት። አባቷ መርቆ እንደሸኘው ብቻ መንገር ይችላል። ጥፋቱን ሁሉ በባለጉድጓዱ ላይ ጭኖ የራሱን ስም ከነገሩ ማውጣት ይችላል፤ ሰውዬው ክፉ ስለነበር ማንም ያምነዋል። ጃዋር በመጨረሻ ሰዓት ስለ እሷ የተናገረውን ያማረ ቃል ፈጥሮ ሊሰጣትም ይችላል፤ አልቅሳ ታመሰግነዋለች። ሁሉም አፉ ላይ ዝግጁ ነበሩ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይህን ነው። ዝም ብሎ መሄድም አለ፤ እሱ ከሁሉ ይቀላል። ጣዲቻ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ከዚያ በኋላ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

መንገዱ ላይ የመኪናው ረዳት ነገሌ፣ ነገሌ እያለ ሲጣራ ይሰማል።

«ይድረሱበት ጋሽ ዓብዱ፣ ሌላ አያገኙም» አለች ጃለኔ።

«ይሂድ» አላት። «አንቺ ቁጭ በይ።»

ፊቷ ተለወጠ፤ ወደ መጋረጃው አየች።

«አባትሽ ተኝቷል፣ ምንም አልሆነም። ስለ ጃዋር ነው» አላት። «አንቺ ከሰማሽው በኋላ ከዚህ ቤት ውጣ ብትይኝ እወጣለሁ። በእግሬም ቢሆን።»

ጃለኔ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዓብዱሰላም ድምፁን ሳያወፍር፣ ምንም ሳይጨምርበት፣ ከመጀመሪያው ጀመረላት።

«ወንድምሽ አባቱን እምቢ አላለም» አላት።